«አንተ የት አለህ?»፦ ምንጭን በጥናታዊ ጽሑፍ ውስጥ በአግባቡ የመጠቀም ዝርዝር መመሪያ

የመጀመሪያ ጥናታዊ ጽሑፌን ረቂቅ ለአማካሪዬ ሳስረክብ ደረቴን ነፍቼ ነበር። ከሠላሳ በላይ ምንጭ ጠቅሻለሁ። በየአንቀጹ ቅንፍ አለ፤ በየቅንፉ ስምና ዓመት አለ። በሳምንቱ ረቂቁ ተመለሰልኝ። ሦስተኛው ገጽ ኅዳግ ላይ በእርሳስ አንዲት ጥያቄ ብቻ ሰፍራለች፦ «አንተ የት አለህ?»

መጀመሪያ አልገባኝም። ትንሽ ከነከነኝም። በኋላ ቢጫ ማድመቂያ አንስቼ ከሌላ ሰው የወሰድኩትን ዓረፍተ ነገር ሁሉ ቀባሁት። ገጹ ከላይ እስከ ታች ቢጫ ሆነ። የኔ ብዬ የማስቀረው «በተጨማሪም»ን እና «በሌላ በኩል»ን ብቻ ነበር።

ምንጭ ምስክር ነው። ምስክር ያየውን ይናገራል፤ ጉዳዩን የሚያስረዳው ግን ባለጉዳዩ ነው። ምስክሮቹን ደርድሮ ራሱ ዝም ያለ ባለጉዳይ ምን እንደፈለገ ማንም አያውቅለትም። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች የዚህችው ሐሳብ ዝርዝር ናቸው። ምሳሌው እንዳይበታተን አንድ ጥያቄ ይዘን እንዘልቃለን፦ ተማሪ ማስታወሻ በእጁ ቢጽፍ ይሻለዋል ወይስ በላፕቶፕ? (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ደረጃ 1፦ ምንጭ ከመፈለጋችሁ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከፍለጋ ሳጥኑ ነው። ርዕሱን ይተይባል፣ የመጡለትን አሥራ ምናምን ፋይሎች ዳውንሎድ ያደርጋል፣ ከዚያ እነሱ ወደሚወስዱት ይሄዳል። ውጤቱ የሌሎች ሰዎች ሐሳብ ስብስብ ይሆናል።

እናንተ መጀመሪያ ባዶ ገጽ ክፈቱና አሁን ባላችሁ ዕውቀት የምታስቡትን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀምጡ። ለምሳሌ፦ «ማስታወሻ በእጁ የሚጽፍ ተማሪ ትምህርቱን የበለጠ ይገነዘባል።» ስህተት ቢሆን ግድ የለም። እንዲያውም ስህተት ሆኖ ቢገኝ ደስ ይበላችሁ፤ ምንጮቹ ሥራ ሠሩ ማለት ነው። ዓረፍተ ነገሩ የሚጠቅመው ለእያንዳንዱ ምንጭ «ከዚህ ሐሳብ ጋር ምን ያገናኘሃል?» ብላችሁ እንድትጠይቁ ነው።

መልሱ ብዙውን ጊዜ ከአራቱ አንዱ ይሆናል። ምንጩ ዳራ ይሰጣል፤ ወይም ማስረጃ ያቀርባል፤ ወይም ይቃወማችኋል፤ አለበለዚያም የምትሠሩበትን ጽንሰ ሐሳብ ወይም ዘዴ ያበድራችኋል። ከአራቱም የማይመደብ ምንጭ የቱንም ያህል ግሩም ቢሆን ይቆያችሁ። ይህን ማድረግ ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ሦስት ሰዓት የፈጀ ንባብ መጣል ያማል። ግን አንባቢው የደከማችሁበትን ሰዓት አይቆጥርላችሁም።

በአራቱ መካከል ያለው ሚዛንም ብዙ ይናገራል። ምንጮቻችሁ ሁሉ ዳራ ከሆኑ ጽሑፉ መግቢያ ብቻ ነው። ሁሉም የሚደግፏችሁ ከሆነ ደግሞ በደንብ አልፈለጋችሁም።

ደረጃ 2፦ ምንጩን ፈትሹ

እዚህ ላይ አጭር ልሁን፤ ብዙ የተባለበት ነው። ማን ጻፈው? የት ታተመ? ከመታተሙ በፊት የሙያ ባልደረቦች ገምግመውታል? መቼ ወጣ? ዊኪፒዲያ ላይ መጀመር ነውር አይደለም፤ ነውሩ እዚያው መቅረት ነው። ከጽሑፉ ግርጌ ያሉትን ዋቢዎች ተከትላችሁ ግቡ። ጎግል ስኮላር (የጥናታዊ ጽሑፎች መፈለጊያ) ላይ ደግሞ ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር ማን ማን እንደጠቀሰው የሚያሳይ ማያያዣ አለ። አንድ ጥሩ ጽሑፍ ካገኛችሁ በእሱ በኩል ወደፊትም ወደኋላም መጓዝ ይቻላል፦ እሱ የጠቀሳቸው ወደኋላ፣ እሱን የጠቀሱት ወደፊት።

ብዙ ሰው የሚዘለው አንድ ፍተሻ አለ፦ ጽሑፉ ተሽሮ እንደሆነ ማየት። በ1998 ላንሴት የተባለው የሕክምና ጆርናል በ12 ሕፃናት ላይ ተመሥርቶ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር የሚያያይዝ ጽሑፍ አወጣ። ጆርናሉ ያንን ጽሑፍ ሙሉ በሙሉ የሻረው በ2010 ነው። አሥራ ሁለት ዓመት! በመካከሉ የጠቀሱት ሰዎች ቢያንስ ምክንያት አላቸው። ዛሬ እንደ ጤነኛ ማስረጃ የሚጠቅሰው ሰው ግን ምክንያት የለውም። ሪትራክሽን ዋች የተባለው የተሻሩ ጽሑፎች መዝገብ ከ2023 ጀምሮ በክሮስሬፍ (የጥናታዊ ጽሑፎችን መለያ ቁጥር በሚመዘግብ ድርጅት) በኩል ለማንም ክፍት ነው። ዞቴሮን (ምንጮችን የሚሰበስብና የሚያደራጅ ሶፍትዌር ነው) የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ስብስባችሁ ውስጥ የተሻረ ጽሑፍ ሲኖር ራሱ ያስጠነቅቃችኋል።

ደረጃ 3፦ እስከ መነሻው ሂዱ

ይህን ደረጃ ከሁሉም በላይ አጥብቄ እነግራችኋለሁ። ምክንያቱም ስህተቱ የሰነፎች ብቻ አይደለም፤ የታወቁ ተመራማሪዎችም ይወድቁበታል።

በ1980 ጄን ፖርተር እና ኸርሸል ጂክ የተባሉ ሁለት ሰዎች ለኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን አዘጋጅ አጭር ደብዳቤ ላኩ። አምስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ናት። ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ቢያንስ አንድ ጊዜ የናርኮቲክ ማስታገሻ (ሱስ ሊያስይዝ የሚችል ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ) የተሰጣቸውን 11,882 ታካሚዎች መዝገብ አይተናል፤ ከዚህ በፊት የሱስ ታሪክ ከሌላቸው መካከል በአግባቡ የተመዘገበ ሱስ ያገኘነው በ4 ሰዎች ላይ ብቻ ነው፤ ይላሉ። ሆስፒታል ውስጥ፣ በሐኪም ዓይን ሥር። ደብዳቤው የሚናገረው ይህንን ብቻ ነው።

ከዚያ ጥቅሱ ጉዞ ጀመረ። በ2017 በዚያው ጆርናል የታተመ ቆጠራ ደብዳቤዋ 608 ጊዜ መጠቀሷን አሳየ። ከእነዚህ ውስጥ 439ኙ ሱስ ብርቅ ለመሆኑ ማስረጃ አድርገው አቀረቧት። 491ዱ ደግሞ ታካሚዎቹ ሆስፒታል የተኙ እንደነበሩ ጭራሽ አላነሱም። ቤቱ ወስዶ ለወራት የሚውጥ ሰውና ሆስፒታል ተኝቶ ለቀናት የሚሰጠው ሰው አንድ ሆኑ። ያቺ «ሆስፒታል» የምትለው ቃል ከአንዱ ጸሐፊ ወደ ሌላው ስትተላለፍ መንገድ ላይ ወደቀች። አሜሪካ ውስጥ ሐኪሞች እነዚህን መድኃኒቶች ያለ ስጋት እንዲያዙ ከገፋፉት ነገሮች መካከል ይህች ደብዳቤ ስሟ ይነሳል።

አስቡት፦ አምስት ዓረፍተ ነገር ናት። ለማንበብ አንድ ደቂቃ አትፈጅም።

ስለዚህ አሠራሩ እንዲህ ይሁን። አንድ ጽሑፍ ስታነቡ «እከሌ እንዳሳየው» የሚል ማራኪ ነገር ካገኛችሁ እከሌን ፈልጋችሁ አንብቡ። አብስትራክቱን (ከፊት ያለውን አጭር ማጠቃለያ) ብቻ አይደለም። ቢያንስ ዘዴው የተጻፈበትን ክፍል፣ ቁጥሩ ያለበትን ሰንጠረዥ፣ መጨረሻ ላይ ደራሲዎቹ ስለ ጥናታቸው ውስንነት የሚናገሩበትን አንቀጽ እዩ። የመጨረሻው አንቀጽ ወርቅ ነው። ደራሲው ራሱ «እስከዚህ ድረስ ነው የምችለው» ብሎ የሚናገርበት ቦታ ነውና።

መነሻውን ጨርሶ ማግኘት ካልቻላችሁስ? ያኔ ያነበባችሁትን ጥቀሱ፣ ያላነበባችሁትን ያነበባችሁ አታስመስሉ። «ሀ (በ‹ለ› ጽሑፍ ውስጥ እንደተጠቀሰው)» ብሎ መጻፍ ሐቀኛ መንገድ ነው። ገጽ በገጽ ከሞላ ግን አንባቢው ቤተ መጻሕፍት እንዳልገባችሁ ይገባዋል።

ደረጃ 4፦ ማስታወሻ ስትይዙ የማን ድምፅ እንደሆነ ለዩ

የጽሑፍ ሌብነት የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በማታለል ሳይሆን በማስታወሻ ደብተር ነው። ዛሬ አንድ ቆንጆ ዓረፍተ ነገር ገልብጣችሁ ታስቀምጣላችሁ። ከሁለት ወር በኋላ ትከፍቱታላችሁ። «ወይ ጉድ፣ እንዲህ ጥሩ ጽፌ ነበር?» ትላላችሁ። እናንተ አልነበራችሁም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከምንጩ ቃል በቃል የገለበጣችሁት ነገር ገና ስትገለብጡት በትእምርተ ጥቅስ ይታጠር። በኋላ አደርገዋለሁ አትበሉ። በራሳችሁ ቃል ያሳጠራችሁት ያለ ትእምርተ ጥቅስ ይግባ። የራሳችሁ ሐሳብ፣ ጥያቄ፣ ንዴት ደግሞ ሌላ ምልክት ይኑረው፤ እኔ «እኔ፦» ብዬ እጀምራለሁ። ሦስቱንም ከገጽ ቁጥራቸው ጋር አኑሩ።

ሦስተኛው ዓይነት ማስታወሻ ነው ጽሑፋችሁን የሚወልደው። «እኔ፦ ይህ ሰው ሁለት ነገር ያምታታል።» «እኔ፦ ናሙናው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ብቻ ነው፤ ለሕፃናት ይሠራል?» እነዚህን ሳትጽፉ ያነበባችሁ እንደሆነ ለመጻፍ ስትቀመጡ በእጃችሁ የሚኖረው የሌሎች ድምፅ ብቻ ነው።

ዞቴሮ ነፃ ነው፤ ሜንደሌይም አለ። የምንጩን ዝርዝር ከብራውዘር ላይ በአንድ ጠቅታ ይወስዳሉ። ነገር ግን የወሰዱትን አትመኑ፤ የደራሲ ስም የተገለበጠ፣ ዓመት የጎደለ፣ ርዕሱ በሙሉ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ መዝገብ እንደ ጉድ ነው የሚገባው። ባስገባችሁበት ደቂቃ አስተካክሉት።

ደረጃ 5፦ ቀጥታ ጥቅስ፣ በራስ ቃል ወይስ ማሳጠር?

ለልምምድ የሚሆን አንቀጽ ራሴ ጽፌያለሁ። ደራሲውን «ሀ» እንበለው።

«ማስታወሻ በእጁ የሚይዝ ተማሪ መምህሩ የሚለውን ሁሉ ለመጻፍ ፍጥነቱ አይፈቅድለትም። ስለዚህ እየሰማ ለመምረጥ፣ የመረጠውንም ለማሳጠር ይገደዳል። ይህ ግዴታ ራሱ የመማር ሥራ ነው።»

አሁን በጣም የተለመደውን ስህተት ተመልከቱ።

«ኖት በእጁ የሚጽፍ ተማሪ አስተማሪው የሚናገረውን በሙሉ ለመያዝ ፍጥነቱ አይበቃውም። በዚህም ምክንያት እያዳመጠ ለመለየት፣ የለየውንም ለመቀነስ ይገደዳል (ሀ)።»

ጸሐፊው ደክሟል። «ማስታወሻ»ን «ኖት» አድርጓል፣ «መምህር»ን «አስተማሪ»፣ «መስማት»ን «ማዳመጥ»። አጥንቱ ግን አልተነካም። ዓረፍተ ነገሮቹ በዚያው ቅደም ተከተል፣ በዚያው አወቃቀር ቆመዋል። ልብሱን የቀየረ ያው ሰው ነው። ምንጩ በቅንፍ ቢጠቀስም ችግሩ አይጠፋም፤ ቅንፉ የሚናገረው ሐሳቡ የሀ መሆኑን እንጂ አነጋገሩም የሀ መሆኑን አይደለም። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይህንን እንደ ሌብነት ይቆጥሩታል።

በራስ ቃል መጻፍ የሚቻለው ገጹን ዘግቶ ነው። አንቀጹን አንብቡ፣ ዝጉት፣ ለጓደኛ እንደምትነግሩ አድርጋችሁ ጻፉት፣ ከዚያ ከፍታችሁ አመሳክሩ። እኔ ዘግቼ የጻፍኩት ይህ ነው፦

«ሀ የእጅ ጽሑፍን ዝግመት እንደ ጥቅም ያየዋል። ሁሉንም መቅዳት ያልቻለ ሰው ማሰብ ግድ ይሆንበታልና።»

አጠረ። ደግሞ «እንደ ጥቅም ያየዋል» የሚለው የኔ ንባብ ነው፤ ምንጩ ውስጥ በቃል የለም። ዘግታችሁ መጻፍ ካልቻላችሁ ችግሩ የቋንቋ አይደለም። ገና አልገባችሁም፤ ተመልሳችሁ አንብቡ።

ቀጥታ ጥቅስስ መቼ? የደራሲው ቃል ራሱ ጉዳይ ሲሆን። ለምሳሌ ሀ «ግዴታ» ብሏል። ለምን «ልማድ» ወይም «ዕድል» አላለም? ጥቅሙ ከግዴታው የሚመጣ ከሆነ በላፕቶፕ የሚጽፍን ተማሪ «ቃል በቃል አትገልብጥ» ብንለው ይስተካከላል ወይ? ይህን ለመጠየቅ ያቺ አንዲት ቃል በትእምርተ ጥቅስ ታጥራ ታስፈልገኛለች። ሌሎቹ ሃያ ምናምን ቃላት አያስፈልጉኝም። ፍቺ፣ የሕግ አንቀጽ፣ የምትተነትኑት ሥነ ጽሑፍ፣ የምትሞግቱት ሰው አቋም፦ እነዚህ በቃላቸው ይጠቀሱ። ቁጥርና ግኝት ግን በቀጥታ ጥቅስ መግባት የለበትም፤ በራሳችሁ ዓረፍተ ነገር ጻፉት።

ማሳጠር ደግሞ ሙሉ መጽሐፍን ወይም ጽሑፍን በሁለትና ሦስት ዓረፍተ ነገር መያዝ ነው። ዝርዝሩ ሳይሆን አቅጣጫው ሲያስፈልግ ይጠቅማል።

በሌላ ቋንቋ አንብበን በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች አንድ ልዩ ወጥመድ አለ። መተርጎም በራስ ቃል መጻፍ ይመስለናል። አይደለም። ዓረፍተ ነገሩን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ብታመጡት ቃሉ ሁሉ አዲስ ይሆናል፤ አጥንቱ ግን የደራሲው ነው። ስለዚህ የተረጎማችሁት ነገር ቀጥታ ጥቅስ ነው፦ ትእምርተ ጥቅስ፣ ገጽ ቁጥር፣ «ትርጉም የጸሐፊው» የሚል ማሳሰቢያ ይፈልጋል። በራሳችሁ ቃል መጻፍ ከፈለጋችሁ እዚህም ገጹን ዝጉ። ሌላው ነገር የሙያ ቃላት ናቸው። አንድን ጽንሰ ሐሳብ አንድ ቦታ «ግንዛቤ» ሌላ ቦታ «መረዳት» ካላችሁት አንባቢው ሁለት ነገር ይመስለዋል። አንዱን ምረጡና እስከ መጨረሻው ያዙት።

ደረጃ 6፦ ምንጩን ብቻውን አትተዉት

ጥቅስ ከሰማይ እንደወረደ ዱብ ማለት የለበትም። ከፊቱ የሚያስተዋውቀው፣ ከኋላው የሚያብራራው የእናንተ ዓረፍተ ነገር ያስፈልገዋል። ከፊት፦ ይህ ማነው፣ ለምን አሁን መጣ? ከኋላ፦ ታዲያ ምን ይሁን? ብዙ ረቂቆች የፊቱን ያሟላሉ፣ የኋላው ላይ ይሰንፋሉ። ከጥቅሱ ቀጥሎ ወደ አዲስ አንቀጽ ይዘላሉ። አንቀጻችሁ በቅንፍ የሚያልቅ ከሆነ ቆም በሉና «ታዲያ?» በሉት።

የአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ መምጣቱ እዚህ ጣጣ ያመጣል። አራት መስመር ዓረፍተ ነገር ታነባላችሁ፤ ሁሉም የጸሐፊው አቋም ይመስላል፤ መጨረሻ ላይ «...ሲሉ እከሌ ገልጸዋል» ይመጣል። አንባቢው እስከዚያ ድረስ በማን ድምፅ እንደሚያነብ አላወቀም። የሚናገረውን ሰው ወደ ፊት አምጡት፦ «እንደ ሀ አመለካከት፣ ...» ወይም «ሀ ይህን አይቀበልም።» ዓረፍተ ነገሩንም ቁረጡት።

ግሱንም ምረጡ። ሁሉን ነገር «ገልጸዋል» ማለት የጋዜጣ ልማድ ነው። «ይሞግታል» አቋም አለው። «ይጠቁማል» ለዘብ ያለ ነው። «ይጠረጥራል» ገና ማስረጃ የለውም። «አረጋገጠ»ን ደግሞ በጣም ቆጥቡት፤ አንድ ጥናት ብቻውን የሚያረጋግጠው ነገር ጥቂት ነው። ደራሲው «ሊሆን ይችላል» ያለውን «ነው» ማድረግ ምንጭን የማዛባት ዋናው በር ነው። አንቱታም ላይ ወጥ ሁኑ። አንዱን ተመራማሪ «ይላሉ» ሌላውን «ይላል» ካላችሁ ሳታስቡት ወገን ለያችሁ ማለት ነው።

«በርካታ ጥናቶች እንደሚያሳዩት» ብሎ ያለ አንድም ስም ማለፍስ? ኧረ ተዉ። የትኞቹ?

ደረጃ 7፦ ምንጮቹ እርስ በርስ ይነጋገሩ

ወደ ማስታወሻው ጥያቄ እንመለስ። ፓም ሙለር እና ዳንኤል ኦፐንሃይመር በ2014 ያወጡት ጥናት በላፕቶፕ የጻፉ ተማሪዎች ቃል በቃል የመገልበጥ ዝንባሌ እንዳላቸው፣ በጽንሰ ሐሳብ ጥያቄዎችም በእጃቸው ከጻፉት ያነሰ ውጤት እንዳመጡ አሳየ። «ቃል በቃል አትገልብጡ» ተብለው እንኳ ገለበጡ። ጥናቱ በየቦታው ተወራ። በ2019 ኬይላ ሞርሄድ እና ባልደረቦቿ ደገሙት፤ የእጅ ጽሑፍ ብልጫ በወጥነት አልታየም። በ2021 ኸዘር ዩሪ እና ባልደረቦቿ የመጀመሪያውን ሙከራ በቀጥታ ደገሙት፤ መገልበጡ ታየ፣ የውጤት ልዩነቱ ግን አልተገኘም።

እነዚህን ሦስት ምንጮች በሦስት «ገለጹ» የሚደረድር ጸሐፊ አንባቢውን ሥራ ያስይዘዋል። ማስታረቅም መፍረድም የሱ ዕዳ ሆነ። ይልቅ እንዲህ ይጻፍ፦

«በላፕቶፕ የሚጽፉ ተማሪዎች የተነገረውን ቃል በቃል ወደ መገልበጥ እንደሚያዘነብሉ የመጀመሪያው ጥናትም ሙከራውን የደገመውም ይስማማሉ (ሙለር እና ኦፐንሃይመር 2014፤ ዩሪ እና ሌሎች 2021)። የሚለያዩት ከዚያ በኋላ ነው። የመጀመሪያው መገልበጡን ከዝቅተኛ የግንዛቤ ውጤት ጋር ያያይዘዋል፤ በተደገመው ሙከራ ግን ያ የውጤት ልዩነት አልታየም። የሞርሄድ እና ባልደረቦቿ (2019) ውጤትም ብልጫው አስተማማኝ ነው ለማለት አያስደፍርም። እንግዲህ መጠየቅ ያለበት የትኛው መሣሪያ ይሻላል የሚለው ብቻ አይደለም፤ መገልበጥ ራሱ ምን ያህል ይጎዳል የሚለው ገና ክፍት ነው።»

አንቀጹ በስም ሳይሆን በነጥብ ተዋቅሯል፦ የት ይስማማሉ፣ የት ይለያያሉ፣ ለኛ ምን ይተዋል። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ ቅንፍ የለም። የጸሐፊው ነው። በደረጃ 1 የጻፍነው ዓረፍተ ነገርም አልተረፈም። «በእጁ የሚጽፍ የበለጠ ይገነዘባል» ብለን ነበር፤ አሁን እንዲያ ማለት አንችልም። ተመልሳችሁ ቀይሩት። ለዚህ የሚረዳ አንድ ሰንጠረዥ አለኝ፦ በአግድም ምንጮቹ፣ በቁልቁል ጥያቄዎቹ። ናሙናው ማነው? ምን ለኩ? ምን አገኙ? ምን አልለኩም? በምንጭ ሳይሆን በጥያቄ አንብባችሁ ጻፉት።

የሚቃወማችሁን ምንጭ አትደብቁ። በጣም ደካማውን ተቃዋሚ መርጦ መጣልም ያው መደበቅ ነው። ጠንካራውን አምጡ፣ እሱ ራሱ በሚቀበለው ቋንቋ አቅርቡት፣ ከዚያ መልሱ።

ደረጃ 8፦ የአጠቃቀስ ሥርዓቱ

እዚህ ፈጠራ አያስፈልግም። ተቋማችሁ ወይም ጆርናሉ የሚፈልገውን ጠይቁና መመሪያውን ገጽ በገጽ ተከተሉ። ከታወቁት ሥርዓቶች መካከል ኤፒኤ በሥነ ልቦናና በማኅበራዊ ሳይንስ፣ ኤምኤልኤ በሥነ ጽሑፍ፣ ቺካጎ በታሪክ፣ አይትሪፕልኢ በኢንጂነሪንግ ይዘወተራሉ። የኤፒኤ 7ኛ እትም በ2019፣ የኤምኤልኤ 9ኛ በ2021፣ የቺካጎ 18ኛ በ2024 ወጥተዋል፤ የቆየ ፒዲኤፍ ይዛችሁ እንዳትሠሩ።

ሰዎች የሚጨነቁበት የረጅም ጥቅስ ጉዳይ እንዲህ ነው፦ ኤፒኤ 40 ቃልና ከዚያ በላይ የሆነውን ያለ ትእምርተ ጥቅስ ገባ አድርጎ ለብቻ ያስቀምጣል፤ ኤምኤልኤ ከአራት መስመር የበለጠ ዝርው ጽሑፍን፤ ቺካጎ 100 ቃል ገደማ ሲደርስ። የኔ ሕግ ግን ሌላ ነው። ረጅም ጥቅስ ካስገባችሁ ከሱ የማያንስ ትንታኔ ከሥሩ ጻፉ። ያን ያህል የምትሉት ከሌለ ጥቅሱ ረዝሟል።

ከጥቅስ ውስጥ ቃል ስትቀንሱ በሦስት ነጥብ አሳዩ፤ የራሳችሁን ስትጨምሩ በማዕዘን ቅንፍ። የቀነሳችሁት ነገር ትርጉሙን እንዳይገለብጠው ሙሉውን ደግማችሁ አንብቡ። ቅንፍ አንቀጽ መጨረሻ ላይ አንዴ ጣል አድርጎ አምስቱንም ዓረፍተ ነገር ይሸፍንልኛል ማለት አይሠራም፤ የቱ የእናንተ የቱ የምንጩ እንደሆነ አይለይም። ዲጂታል ጽሑፍ የዲኦአይ ቁጥር (የጽሑፉ ቋሚ መለያ) ካለው እሱን ስጡ፤ ተራ ማስፈንጠሪያ ይሞታል።

ስለ ቻትጂፒቲ እና መሰሎቹ አንድ ነገር። ዋቢ አምጣልኝ ስትሉት የሌለ ጽሑፍ ሊፈጥር ይችላል። ስሙ የታወቀ ሰው፣ ጆርናሉ እውነተኛ፣ ርዕሱ አሳማኝ፤ ጽሑፉ ግን የለም። በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ ጠበቆች በዚህ መንገድ የተፈለሰፉ የፍርድ ውሳኔዎችን ለፌዴራል ፍርድ ቤት አቅርበው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። ከፍታችሁ ያላነበባችሁት ነገር ዋቢ ዝርዝራችሁ ውስጥ አይግባ። በቃ።

ደረጃ 9፦ ከማስረከብ በፊት

ቢጫ ማድመቂያውን አንሱ። ከሌላ የመጣውን ሁሉ ቀቡ። የቢጫውን መጠን አትለኩ፤ ቀለሙ ያለበትን ቦታ እዩ። አንቀጹ በቢጫ ጀምሮ በቢጫ ካለቀ አስተካክሉት። የአንቀጾቹን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገሮች ብቻ በተከታታይ አንብቡ፤ ክርክራችሁ ያለ ምንጮቹ ይሰማል?

ከዚያ ዝርዝሩን ግራና ቀኝ አመሳክሩ። ጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሰ ሁሉ ዝርዝሩ ላይ አለ? ዝርዝሩ ላይ ያለ ሁሉ ጽሑፉ ውስጥ ተጠቅሷል? የመመሳሰል መለኪያ ሶፍትዌር የሚሰጠው መቶኛ የሌብነት መጠን አይደለም። በትክክል የታጠረ ጥቅስም ያስቆጥራል፤ በሌላ ቋንቋ ካለ ምንጭ ተተርጉሞ የተሰረቀው ደግሞ ሊያመልጠው ይችላል። መቶኛውን ትታችሁ የተሰመረበትን አንድ በአንድ እዩ።

በመጨረሻ ቀጥታ ጥቅሶቹን ሁሉ ከመነሻው ጋር ቃል በቃል አስተያዩ። ይሄ አሰልቺ ነው፤ እኔም ዘልዬው አውቃለሁ። ሁለተኛው ረቂቄ ሲመለስልኝ ሦስተኛው ገጽ ላይ «አንተ የት አለህ?» አልነበረም። በምትኩ አንድ ጥቅስ አጠገብ «ገጽ?» የምትል ጥያቄ ሰፍራለች። ማስታወሻዬን ገለበጥኩ፣ ቁጥሩ የለም። መጽሐፉን ተውሼ ሁለት ሌሊት አገላበጥኩት። አገኘሁት። ደራሲው «ይመስላል» ብሎ ነበር፤ እኔ ያንን ቃል ስገለብጥ ጥዬዋለሁ።